ገና ያልለየ እብጠት

ሪሃና ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሐኪም የጻፈውን በሽታ በኮድ ቁጥር ወደ ኮምፒውተር ታስገባለች። ለክትትል የሚጠራው ሰው የሚለየውም በዚያ ቁጥር ነው።

አንድ ቀን ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡት የወይዘሮ ሽታዬ ካርድ እጇ ገባ። አንገታቸው ላይ ካለው እብጠት በመርፌ ናሙና ተወስዶ ነበር፤ ካንሰር መሆን አለመሆኑ ግን አልለየም።

«እንቅርት ብለሽ እለፊው» አላት አብሯት የሚሠራው በድሩ። «የደጋ ሰው አንገቱ ካላበጠ ምኑን ደገኛ ሆነ?»

ሪሃና ሳቀች፤ ቁጥሩን ግን አላስገባችም። እንቅርት ከተባለ ሴትዮዋን መልሶ የሚጠራቸው የለም። ካንሰር ከተባለ ደግሞ ያልተረጋገጠ በሽታ ስማቸው ላይ ይለጠፋል። ካርዱን ይዛ ሐኪሙ ዘንድ ወጣች።

«ዶክተር፣ ላልለየ እብጠት የራሱ ቁጥር አለው። እሱን ላስገባ?»

«እሱን አስገቢ። በሦስት ወር ናሙናው ይደገማል።»

ሦስት ወሩ ሲደርስ የሽታዬ ስም ከሚጠሩት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ተገኘ። ሪሃና ደወለችላቸው።

«ምነው ልጄ፣ ሸጋ ወሬ ነው ወይስ ክፉ?»

«ገና አልታወቀም እትዬ። እንዲታወቅ ናሙናው ይደገም ተብሏል።»



«ነገ ገበያ ነው» አሉ ሽታዬ፤ «ከነገ ወዲያ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ።»