ፊሽካ ያማረው ተሻገር

ተሻገር ከወገዳ ተነስቶ እስቴ የመጣው መምህር ሊሆን ነበር። መካነ ኢየሱስ ጫፍ ላይ ካለው አዳሪ ኮሌጅ ከገባ በኋላ ግን ፊሽካ አማረው። ኮሌጅ ይሉታል እንጂ ሁለት ረጃጅም ቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ባንዲራና አንድ ዳይሬክተር ነው። ፊሽካው የማደሪያ ረዳቱ ምልክት ነው፤ ረዳት ማለት ተማሪ የሚቀሰቅስ፣ ፋኖስ የሚያስጠፋ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ የታመመ የሚጠይቅ ሰው ነው። ከሁሉም በላይ ረዳቱ በር ያለው የብቻው ክፍል ይሰጠዋል። የሰው ሁሉ ማንኮራፋት ሲሰማ፣ እግር ሲሸተው ለከረመ ሰው፣ በር ማለት መንግሥተ ሰማያት ናት።

የቀድሞው ረዳት ተመርቆ ሄዶ፣ በስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ቦታው ክፍት ነበር። ተሻገር ቅኔ ቤት ቆይቶ የመጣ ስለሆነ በዕድሜ ሁሉንም ይበልጣል፤ ተማሪው «ጋሼ» ይለዋል። ያቺ «ጋሼ» ገና ሳይሾም ራሱ ላይ ወጥታበታለች። ዳይሬክተሩ አቶ ወልደ ሩፋኤል በበቅሎ ባለፉ ቁጥር ከወገቡ እጥፍ ብሎ እጅ ይነሳል፤ በቅሎዋ ለእሷ መስሏት ጆሮዋን ታቆማለች።

«ሹመት የምትሰጠው በቅሎዋ ብትሆን ይሄኔ ደጃዝማች ነበርክ» ይለዋል የአልጋ ጎረቤቱ አያሌው፣ የከተማው ልጅ።

«ዝም በል አንተ! የምለፋው ለእናንተው ነው።»

«ለሰፊው ሕዝብ!»

«አዎ፣ ለሰፊው ሕዝብ» ይላል ተሻገር ኮስተር ብሎ። ቀልዱ አይገባውም።

በዚህ መሀል የጓዴ ባና፣ ያቺ የሱፍ ብርድ ልብሱ፣ ጠፋች። ጓዴ የአርብ ገበያ ማዶ ልጅ፣ እዚያው አዳሪ ተማሪ ነው። ባናዋን እናቱ እማማ አልጣሽ ከገዛ በጎቻቸው ጠጉር አሠርተው፣ ጥጓ ላይ በቀይ ክር መስቀል ጠልፈው ሰጥተውታል። ልጁ ሳል ይዞት ሲማቅቅ፣ ፀሐይ ላይ የተሰጣችው ባና የውሃ ሽታ ሆነች። ከዚያ ወዲያ ጓዴ በቀጭን ነጠላ ተጠቅልሎ እየተንቀጠቀጠ ያነጋ ጀመር።

ተሻገር ዕድሉ በእግሩ እንደመጣች ገባው። እሱ አገር ዕቃ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራል። የመንደሩ ሰው ሁሉ፣ ጌታም ሎሌም ሳይቀር፣ አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ የሚያውቅ ሰው ለሽማግሌው በጆሮው ሹክ ይለዋል፤ ሽማግሌውም ማን እንደነገረው ሳይገልጥ «ወፍ እንዲህ አለች» ብሎ ሌባውን ያወጣል። ይህን እንግዲህ ሥነ ልቡናና ሥነ ትምህርት በሚሰጥበት ኮሌጅ ውስጥ ሊያደርገው ቆርጦ ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባ።

«ደንቡ እርስዎንም ይጨምራል ጌታዬ። በወሰኑ ውስጥ ያደረ ሁሉ ይቀመጣል።»

አቶ ወልደ ሩፋኤል ከት ብለው ሳቁ። «እኔንም? በል እቀመጣለሁ። ነገሩን በወጉ ከጨረስከው ፊሽካው ያንተ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ተማሪው መሬት ላይ፣ ዳይሬክተሩ ወንበር ላይ፤ ወጥ ቤቶችና የበቅሎዋ ጠባቂ ደምሌም አልቀሩ። በቅሎዋ ተጭና ባሕር ዛፉ ሥር ታስራለች። ተሻገር ጋቢውን አጣፍቶ ከማገዶው ክምር ጀርባ ተሰየመ። አንድ በአንድ እየመጡ ጆሮው ላይ አጎነበሱ።

«ወፏ ርቦኛል ብላለች» አለው አያሌው። ሌላውም የዚያኑ ቢጤ ዘበዘበ። ከዚያ አንዱ መጣ፤ ማን እንደሆነ አይነገርም፣ ወፍ አይገለጥም።

«ባናዋ ከጌቶች ኮርቻ ሥር ናት። የበቅሎዋ ጀርባ ቢቆስል ድብዳብ አደረጉላት።»

ተሻገር ክው አለ። ቀና ብሎ በክምሩ አናት ላይ በቅሎዋን አያት። ከኮርቻው ሥር ጥቁር ሱፍ ወጣ ብሏል፤ ጥጉ ላይ ቀይ ክር። ጌታም ሎሌም አይቀርም ሲል የኖረው ሰውዬ፣ ጌታው ይወጣሉ ብሎ ግን በሕልሙም አስቦ አያውቅም! ቢናገር ፊሽካው ቀረ፣ ምናልባት ኮሌጁም ጭምር። ዝም ቢል ደግሞ ጓዴ እዚያው ፊት ለፊቱ አፉን በነጠላው አፍኖ ይስላል።

«እህሳ፣ ሽማግሌው!» አሉ ዳይሬክተሩ። «ወፍ ምን አለች?»

ተሻገር አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

«ወፏ… አልመጣችም።»

«ጎበዝ!» አሉና ተነሱ አቶ ወልደ ሩፋኤል። «ረዳት ማለት ነገር የሚያበርድ ነው።» ፊሽካውን በሁሉ ፊት አንገቱ ላይ አጠለቁለት። ያጨበጨበ ወጥ ቤቱ ብቻ ነው፤ እሱም ምሳ ስለረፈደበት ነው።

ሲመሻሽ ተሻገር አዲሱ ክፍሉ ውስጥ በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ይሄኔ ደምሌ አንድ የታጠፈ ነገር በክንዱ ይዞ መጣ።

«ጌቶች ናቸው የላኩልህ። ብቻውን ሲተኛ ይበርደዋል ብለው። በቅሎዋ እንደሁ ከደብረ ታቦር አዲስ ድብዳብ መጥቶላታል።»

ተሻገር ዘረጋው። የበቅሎ ጠጉር፣ የበቅሎ ላብ፣ ጥጉ ላይ ቀይ መስቀል። እጁ ላይ እባብ የተጠመጠመበት ያህል ደርቆ ቀረ። ሊጥለው አልቻለ፣ ሊያጥፈው አልቻለ። በሩን ለመጀመሪያ ጊዜ መዝጋት የረሳውም ያን ጊዜ ነው።

«ጋሼ» የሚል ድምፅ ሰማ። ጓዴ ደፉ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው አያሌውና ሌሎቹ። «የታመመ አንተ ዘንድ ይምጣ ተብሎ… የሚለበስ ነገር ካለ…»

አልጨረሰም። ዓይኑ ባናዋ ላይ ተተከለ። ቀስ ብሎ ገባና ቀዩን ክር በጣቱ ዳሰሰው። አፍንጫውን ያዝ አደረገ። ከዚያ ቀና ብሎ ተሻገርን አየው፤ ቁጣ የለበትም፣ ከልቡ መጠየቁ ነው።

«ጋሼ፣ ወፏ መጣች እንዴ?»

ጓዴ ባናዋን ከተሻገር እጅ ወሰደ፣ ትከሻው ላይ ጣል አደረገ፣ እየሳለ ወጣ።

የፋኖስ ማጥፊያው ሰዓት ሲደርስ ተሻገር ማደሪያው መሀል ቆሞ ፊሽካውን ወደ አፉ አስጠጋ። ትንፋሹ እምቢ አለው። ቢስበው፣ ቢገፋው፣ አልወጣም።

ፋኖሱን በዚያን ምሽት ያጠፋው አያሌው ነው።