ጣራ የሚያንቀጠቅጥ ዲጄ

እንጅባራ ውስጥ ሰርግ ያለበት ሰው ዲጄ ሲፈልግ እኔን ይጠይቃል። የእህቴን ሰርግ ያየ ሁሉ «ያን ድምፅ ከየት አመጣኸው?» ይለኛል። የዲጄውን ስልክ ቁጥር እሰጥና ወሬውን ወደ ሌላ ነገር አዞራለሁ። ኩራት ይመስላቸዋል። ኩራት በሆነ! ያ ሙዚቃ በተነሳ ቁጥር ፊቴ ድቅን የሚሉት ሙሽራዋ እህቴ ሳትሆን ጎረቤታችን እትዬ ዘውድነሽ ናቸው፤ ስለእሳቸው ደግሞ እስከዛሬ ደፍሬ ለሰው አውርቼ አላውቅም።

እትዬ ዘውድነሽ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ተላላኪ ነበሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሃያ ስድስት ዓመት ደወል ደውለዋል። ደወሉ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመቱት ከታች ሰፈር እስከ ላይ ሰፈር ይሰማል። ልጃቸው ትዕዛዙና እኔ የታወቅን አርፋጆች ነበርን። ከሩቅ ስንሮጥ ካዩን ብረቱን እንደያዙ ቆመው ይጠብቁናል፤ በሩን ካለፍን በኋላ ነው የሚመቱት። ርእሰ መምህሩ ሰዓታቸውን እያዩ ሲነጫነጩ እሳቸው «በእኔ ሰዓት ገና ነው» ይላሉ። ቤት ስንገባ ግን አይለቁንም። ሲቆጡን በአዊኛ፣ ሲያባብሉን በአማርኛ ነው። እናቴ አዊኛ ስለማትሰማ ቁጣቸውን ሁሉ ምርቃት ይመስላት ነበር፤ «አሜን በሉ እንጂ» ትለን ነበር።

ትዕዛዙ ባለፈው ሰኔ ሞተ። አራት ቀን ብቻ ታሞ ነው። እኔ ያን ጊዜ ጫግኒ ለአንድ እህል ነጋዴ እሠራ ነበር። ሲደወልልኝ በቆሎ እያስጫንሁ ነበርና ነገ እመጣለሁ አልሁ። በነጋታው ዝናብ ጣለ። መንገድ ተቆርጦ ነው እንዳልል አውቶቡሱ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀብሩ አለፈ፣ ሠልስቱ አለፈ። ለአርባው እደርሳለሁ አልሁ፤ አርባው ሲመጣ ደግሞ እስከዛሬ የት ነበርህ ቢሉኝስ እያልሁ ቀረሁ። ለቅሶ ሳይደርስ የቀረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ቀኑ በገፋ ቁጥር የሐዘንተኛው ደጅ ይርቃል።

ሥራዬን ለቅቄ ወደ እንጅባራ ስመለስ በእሳቸው በር ላለማለፍ በወፍጮ ቤቱ በኩል እየዞርሁ መግባት ጀመርሁ። አንድ ቀን ገበያ ላይ ከሩቅ አይቻቸው ወደ አንድ ሱቅ ዘልዬ ገባሁና የሴት ጫማ እያገላበጥሁ ቆየሁ። ባለሱቁ ቁጥሯ ስንት ነው ሲለኝ ጫማውን አስቀምጬ ወጣሁ። እናቴ «ዘውዴን ለቅሶ ደረስሃት?» ስትለኝ «ደረስሁ» አልኋት። የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነው።

የእህቴ የቤዛዊት ሰርግ ለጥር ሲቆረጥ ዲጄ የመምረጡ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። አባታችን በሕይወት ስለሌለ ሌላውን ሁሉ የሚመሩት አጎቴ ጋሽ ዓለምነው ነበሩ። እዚሁ እንጅባራ አንድ ጨዋ ዲጄ አለ፤ ድምፁ ልከኛ ነው፣ የአገሩን ዘፈን አብዝቶ ያጫውታል፣ ሽማግሌዎች እየተጫወቱ ሲያይ ራሱ ይቀንሳል። እናቴ እሱን ወደደች። እኔ ደግሞ እሱን ማምጣት ሬዲዮ ከፍቶ እንደመቀመጥ ቆጠርሁት። የሙሽራው ወገን የዳንግላ ሰው ነው፤ ሰርጋቸው ቀዝቃዛ ነበር ብለው እንዳይሄዱ ብዬ እዚያው አገራቸው ዳንግላ ወርጄ ኪዳኑ የሚባለውን መረጥሁ። ኪዳኑ አራት ትላልቅ ሞንታርቦ አለው። ሱቁ ውስጥ ሁለቱን ብቻ ሲከፍታቸው የጣራው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤ ውጭ የቆመ የጋሪ ፈረስ ደንብሮ ባለጋሪው ከእነዘር ማንዘራችን ሰደበን። የምፈልገው ይህንኑ ነው አልሁት።

ጋሽ ዓለምነው ግን ያሳሰባቸው ዲጄው ሳይሆን አጥራችን ነበር። ከእትዬ ዘውድነሽ ቤት የሚለየን አንድ የቀርከሃ አጥር ነው። ጎረቤት ሐዘን ተቀምጦ፣ ዓመቱ እንኳ ሳይወጣ፣ ሳያስፈቅዱ ሞንታርቦ ማቆም ነውር ነው አሉ። እሷ ከፈቀደች እሰየው፤ ካልፈቀደች ከበሮና ጭብጨባ ይበቃናል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ጠይቃት» አሉኝ። «የልጇ ጓደኛ ነህ። ካንተ አፍ ስትሰማው ይቀላታል።»

ለቅሶ እንኳ አልደረስኋቸውም ማለት አልቻልሁም። ሄድሁ። በራቸው ድረስ ሄድሁ፤ ውስጥ ሲያስሉም ሰማሁ። ላንኳኳ እጄን አነሳሁና መልሼ ኪሴ ከተትሁት። ሰባት ወር ጠፍቼ ከርሜ፣ ልጃቸውን ሳላለቅስ፣ ለጭፈራ ፈቃድ የምለምንበት አፍ ከየት ላምጣ? ተመልሼ ለአጎቴ ፈቅደዋል፣ ደስ ይበላችሁ ብለዋል አልኋቸው። ጋሽ ዓለምነው ባርኔጣቸውን አንስተው መረቋቸው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ እያደር ከበደ።

ሰርጉ እሁድ ነበር። ኪዳኑ በጠዋት ደርሶ ዕቃውን ዳሱ ውስጥ ሲደረድር ሞንታርቦዎቹን ፊታቸውን ከአጥሩ እንዲያዞርልኝ ለመንሁት። ድምፅ አጥር አይከለክለውም ብሎ ሳቀብኝ፤ ቢሆንም አዞረልኝ። ጥቂት ቆይቶ የቤታችሁ መስመር ዕቃዬን አይችልም፣ ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረኝ፣ ከሌላ ቤት መስመር ካልሳብሁ ሙዚቃ የለም አለኝ። እኔ ወንበር ለማምጣት እየሮጥሁ ነበርና ከፈለግህበት ሳብ ብዬው ሄድሁ። ከማን ቤት እንደሳበ አልጠየቅሁትም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሙዚቃው ተከፈተ። ወዲያው ሰፈሩ ቀለጠ። የዳንግላ ሰዎች ሲመጡ ከመግቢያው ጀምሮ አፋቸውን ያዙ። እኔም እስክስታዬን ወረድሁ፤ ግን በየመሀሉ ዓይኔ ወደ አጥሩ ይሄዳል። ከወዲያ ማዶ ሰው ያለም አይመስል። ዘመድ ቤት ሄደው ይሆናል እያልሁ ራሴን አጽናናሁ። ልክ ሙሽራው በሚዜዎቹ ታጅቦ ሙሽራዋን ሊወስድ ወደ ቤት ሲገባ ሙዚቃው ጸጥ አለ።

ድግሰኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ዲጄውን ያመጣሁት እኔ ነኛ። ኪዳኑ መብራት እንዳልሄደ፣ የሳበው መስመር ስፒናው ወልቆ እንደሚሆን ነገረኝና ሮጥ ብለህ እይልኝ አለ። ጥቁሩን ሽቦ ተከተልሁት። በዳሱ ጀርባ ወጣ፣ በቀርከሃው አጥር መሀል ሾለከ፣ በእትዬ ዘውድነሽ መስኮት ገባ።

ከኋላዬ ሕዝቡ ሙዚቃ እያለ ያጨበጭባል። ልመለስ ብልም የምመለስበት የለኝም። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ገባሁ።

እትዬ ዘውድነሽ ጥቁራቸውን እንደለበሱ፣ የውሃ ጣሳ ይዘው፣ ግድግዳው ሥር ወዳለችው የዱካ መቀመጫ ሲመለሱ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ጥፋተኛ እሳቸው የሆኑ ይመስል ተሸማቀቁ።

«ውሃ ልቀዳ ተነስቼ ነው» አሉ። «ይህ ሶኬት ላልቷል፤ ካልያዙት አይሠራም። ድንጋይ አስደግፌበት ነበር፣ ንዝረቱ ይጥለዋል።»

ጣሳውን መሬት አስቀመጡና ተቀምጠው ስፒናውን በመዳፋቸው ወደ ግድግዳው ተጫኑት። ሙዚቃው ፈነዳ።

የመረጥሁትን ነገር ያን ጊዜ ሰማሁት። ግድግዳው ይርገበገባል፤ ጣሳው ውስጥ ያለው ውሃ ይንቀጠቀጣል። ከሶኬቱ ከፍ ብሎ የትዕዛዙ ፎቶ ተሰቅሏል፤ መስታወቱ እንዳይንኳኳ ከጀርባው የታጠፈ ጨርቅ ወትፈውበታል። ከመቼ ጀምሮ እንደያዙት ልጠይቃቸው ነበር። ሙዚቃው የተከፈተው ስንት ሰዓት እንደሆነ ትዝ ሲለኝ ተውሁት።

እግራቸው ሥር ወድቄ «እትዬ፣ ለቅሶ አልደረስሁዎትም» አልሁ።

«አውቃለሁ። አረፈድህ።»

«ፈቃድም አልጠየቅሁዎትም። ጠየቅሁ ብዬ ዋሽቼ ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ» አሉ፣ እጃቸውን ከግድግዳው ሳያነሱ። «ዓለምነው ረቡዕ ዕለት መጥቶ ስለፈቀድሽልን እግዜር ይስጥልን አለኝ። አዎ፣ ልጁ መጥቶ ጠይቆኛል፣ ፈቅጃለሁ አልሁት። በአጎትህ ፊት ውሸታም ላሰኝህ?»

በአዊኛ በተቆጡኝ ብዬ ተመኘሁ። የተናገሩኝ በአማርኛ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ አልመጣ ያለው እንባዬ መጣ፤ እሳቸው ግን ቶሎ ብለው ከለከሉኝ።

«አሁን አይሆንም ልጄ፤ ዛሬ ሰርግ ነው። ነገ ና። ነገ አብረን እናለቅስለታለን። አሁን ተነስ፣ እህትህ ልትወጣ ነው።»

እኔ ልያዘው አልኋቸው። የሙሽራ ወንድም ከሽኝት ላይ ቢጠፋ ምን ሊባል ነው ብለው እንቢ አሉ። ሌላ ሰው ልጥራ አልኋቸው። በጥቁር ልብስ ተቀምጬ ሰርገኛ አይየኝ፣ ለሙሽራዋም ደግ አይደለም አሉ። ሌላ የማደርገው ነገር ስላጣሁ ጣሳውን አንስቼ ሰጠኋቸው። በግራ እጃቸው ተቀብለው ጠጡና መለሱልኝ። አፋቸውን በትከሻቸው ጠረጉ። ወጣሁ።

ዳሱ ስደርስ ኪዳኑ መስመሩን እንዴት እንዳስተካከልሁት ጠየቀኝ። ላልቶ ነው፣ ተይዟል አልሁት። ጋሽ ዓለምነው እጄን ይዘው ወደ መሀል ጎተቱኝና ጨፈርሁ። ቤዛዊት ልትሰናበተኝ አንገቴ ላይ ስትጠመጠም አለቀስሁ፤ ሰው ሁሉ ለእሷ መሰለው።

ሙሽሮቹ የወጡት ወደ አስር ሰዓት ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ ሙዚቃው አንድም ጊዜ አልተቋረጠም።