ያልበላናቸው ድንቾች

ሲይዙኝ የጃኬቴ ኪሶች በድንች ተወጥረው ነበር። ከሸነን ወጣ ብሎ ባለ የአንድ ገበሬ ማሳ ላይ፣ እንዲቀምሱ የጠራኋቸው ገበሬዎች ተሰብስበው፣ የሙከራ ድንች እያስቆፈርኩ ነበር። ሌላው ሁሉ ምልክት በታሰረለት ጆንያ ሲገባ፣ የአንዱን መደብ ምርጥ ምርጡን ግን ወደ ኪሴ ከተትኩት። ጆንያ አላምንም። በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ጆንያ አያምንም፤ ምልክቱ ይወድቃል፣ አይጥ ይገባበታል፣ ሹፌሩም ርቦት ይቀቅለዋል። እኔ ኪሴን ስጠቀጥቅ አንዲት መኪና መጥታ ቆመች። ሰዎች ወርደው ስሜን ጠሩ። "ለአጭር ጥያቄ ነው" አሉኝ።

አምቦ ማረፊያ ቤት ስንደርስ ተረኛው ፖሊስ ኪሴን አስራገፈኝ። ስልክ፣ መታወቂያ፣ ቁልፍ፣ ቀበቶ፣ የጫማ ማሰሪያ ተረከበ። ቀጥሎ ድንቾቹ ጠረጴዛው ላይ መንከባለል ጀመሩ። አንዱን አንስቶ አገላበጠው፣ ደግሞም አሸተተው።

"ይሄ ምን ይሠራልሃል?"

"ምርምር ነው።"

ወደ ጓደኛው ዞሮ "ድኒቻ ቆረዳ ጄዳ" አለው፤ ድንች እመረምራለሁ ይላል ማለቱ ነው። ሁለቱም ሳቁ። "ድንች አልተከለከለም፤ ይዘህ ግባ" አለኝ።

ክፍሉ ድሮ የዕቃ መጋዘን የነበረ ይመስለኛል። ላብና የትናንት ወጥ ይሸታል። መብራት የለውም፤ ጣሪያው ሥር ሽቦ የተመታበት ጠባብ መስኮት አለ። ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጧል። አዲስ ገቢ የሚቀበለው ካቦው ነው፤ የክፍሉ አለቃ ማለት ነው። የኛ ካቦ እዚያው አምቦ ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ፣ ቁመተ ረጅም፣ አንገተ ወፍራም፣ ድምፁ ከጡሩምባ የማያንስ ሰው ነበር።

"ባርሲሳ ትመስላለህ" አለኝ። በኦሮምኛ አስተማሪ ማለቱ ነው፤ እስከ ዛሬም በሌላ ስም ጠርቶኝ አያውቅም። "ኪስህ ውስጥ ምንድን ነው ያበጠው?"

አወጣሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

"ኧረ ሰውዬው ስንቁን ቋጥሮ ነው የታሰረው!" አለ አንዱ ከጥግ።

ካቦው አልሳቀም። "የቤቱን ሕግ ልንገርህ" አለ። "በዚህ በር ያለፈ የሚበላ ነገር የሁላችን ነው። ጠያቂ ያለውም የሌለውም ከአንድ ሳህን ይበላል። ነገ ጠባቂዎቹ ማድ ቤት ይቀቀልልናል።"

ሕጉ ጥሩ ሕግ ነበር። በኋላ እኔም ስንት ቀን በሱ በልቻለሁ። ያን ጊዜ ግን አፌ ቀደመኝ።

"አይሆንም። የሚበላ አይደለም፣ ዘር ነው።"

"ይሄ ሲሚንቶ ላይ ልትዘራው ነው?" እንደገና ሳቅ። ካቦው እጁን አነሳና ጸጥ አሰኛቸው። "በል አስረዳ። ሰምተን እንፈርዳለን።"

ስለ ድንች አስረዳ ከተባልኩ እኔ እስር ቤት መሆኔንም እረሳለሁ። ሚስት ብትኖረኝ በዚሁ ነገር ጥላኝ ትሄድ ነበር። ተነሥቼ ቆምኩና ጀመርኩ። ምች የሚባል የድንች በሽታ አለ። ክረምት ላይ ጉም ሲጫን ይመጣና ዛሬ ለምለም የነበረውን ማሳ በሳምንቱ የፈላ ውሃ እንደፈሰሰበት ጎመን ያደርገዋል። አቅም ያለው መድኃኒት ይረጫል፤ የሌለው ቆሞ ያያል። ለዓመታት እያዳቀልኩ ስፈትን ኖሬ፣ በዚያ ክረምት ሁሉም ሲወድቅ አንድ መደብ ብቻ ቆመ። ኪሴ ውስጥ ያሉት የዚያ መደብ ናቸው።

ከግድግዳው ሥር መነጽሩን በክር ያሰረ ቀጭን ሰው እጁን አወጣ። እንጭኒ የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር ነበር። "አንድ ጊዜ መቆም ማስረጃ አይሆንም። ዕድል ሊሆን ይችላል" አለ።

"ለዚህ እኮ ነው የማይበላው!" ብዬ ጮህኩ። "በሚመጣው ክረምት ደግሞ መታየት አለበት!"

ካቦው አንገቱን እያሸ አሰበ። "እንግዲህ ፍርዱ ይሄ ነው" አለ። "አንዱ የክፍሉ ነው፣ ሕግ አይሻርም። የቀሩት የባርሲሳ ናቸው። የነካ ከኔ ጋር ነው!"

በማግስቱ አንዱ ድንች ተቀቅሎ መጣ። ለሁሉም ይዳረስ ተብሎ ስለተቆራረጠ ለየሰዉ የደረሰችው ጥፍር የምታክል ነበረች። እኔም ሥራዬን አልተውኩም፤ ጣዕሙን፣ ልስላሴውን፣ ቀለሙን እያልኩ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው።

"ጨው የለውም" አለ የፊዚክስ መምህሩ።

"ጨው ማጣቱ የድንቹ ጥፋት ነው?"

"እኔ የቀመስኩትን ነው የምናገረው።"

ካቦው የደረሰችውን ቁራጭ ዓይኑን ጨፍኖ አላመጣትና "ጥሩ ነው፤ ግን አለቀ" አለ። ከሰማሁት የጣዕም አስተያየት ሁሉ ትክክለኛው ይሄ ነው።

የዘር ድንች ጨለማ ካስቀመጡት ጎንቁሉ ረዝሞ ይቀጥናል፤ ፀሐይ ካስመቱት ይጠወልጋል። የሚፈልገው ለስለስ ያለ ብርሃን ነው። ለዚህ ሲባል መጋዘን እንሠራለን፣ ገበሬ እናሠለጥናለን። ያቺ ጠባብ መስኮት ደግሞ ሳይታሰብ ልክ እንደዚያ ነበረች፤ ድንቾቹን ደፏ ላይ ደረደርናቸው። የፊዚክስ መምህሩ የብስኩት መጠቅለያ የሚያብረቀርቀውን ፊት ወደ ድንቾቹ አድርጎ፣ ካቦው ትከሻ ላይ ወጥቶ ከኋላቸው ለጠፈና ብርሃኑን አዳረሰላቸው። ጀርባቸው አረንጓዴ ሲሆን የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ሠራተኛ የነበረ እስረኛ "ከእንግዲህ ብትበሏቸው ይመሯችኋል፤ ሆዳችሁንም ይቆርጧችኋል" ብሎ አስጠነቀቀ። ድንቾቹን ማገላበጥ የካቦው ሥራ ሆነ፤ መስኮቱ ላይ የሚደርስ ሌላ ሰው አልነበረም።

እህቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ልትጠይቀኝ ትመጣ ነበር። አንድ ቅዳሜ በአጥሩ ማዶ ቆማ ገና ደህንነቴን ሳትጠይቀኝ "ጆንያዎቹስ?" አልኳት።

"አንተ ሰው ግን ጤነኛ ነህ?" አለችኝ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። "ገበሬው ጠበቀ፣ ከመሥሪያ ቤትህ የመጣለት የለም። ዝናብ ገባባቸው። የተረፈውን ደባልቆ ገበያ አወጣው። ምን ያድርግ?"

እውነት ነው፤ ምን ያድርግ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ መደብ ዘር በዓለም ላይ ያለው እኛ መስኮት ላይ ብቻ ነበር። በባዶ ሳህን ውስጥ ከትቼ በእህቴ በኩል ላስወጣቸው ሞከርኩ። ጠባቂው ሳህኑን ከፍቶ መለሰልኝ። "ምግብ ይገባል እንጂ አይወጣም። ዕቃም የሚወጣው ከሚፈታ ሰው ጋር ነው" አለ።

በመሀሉ ለምርመራ ወሰዱኝ። ገበሬዎቹን ለምን ሰበሰብካቸው አሉኝ፤ ድንች እንዲቀምሱ አልኩ። ሌላ ነገር ተጽፎ ቀረበልኝ። አልፈረምኩም። ስመለስ ለተወሰነ ጊዜ በግራ ጎኔ መተኛት አልቻልኩም።

"ብትፈርምላቸው ምን አለበት?" አለኝ ካቦው ውሃ እያጠጣኝ። "ትገላገል ነበር እኮ።"

"ያልሆነውን ሆነ ብዬ መጻፍ አልችልበትም" አልኩት። ጀግንነት አልነበረም፣ የሙያ ልማድ ነው። እሱ ግን ቃሌን አንድ በአንድ ለራሱ ደገመው።

ከዚያ ከተማው ተረበሸና ጥየቃ ተከለከለ። ለቀናት ከደረቅ ዳቦ ሌላ የቀመስነው የለም። ያኔ ነው የሰዉ ዓይን ወደ መስኮቱ ማንጋጠጥ የጀመረው። አልፈርድባቸውም፤ እኔ ራሴ ቀና ስል ቅቅል በዳጣ ይታየኝ ነበር።

"ባርሲሳ" አለ አንዱ ቀስ ብሎ፣ "ቢመርም ድንች ነው እኮ።"

ካቦው ብድግ አለ። "እኔ አልቻልኩም የሚል እጁን ያውጣ፤ አሁኑኑ አወርዳቸዋለሁ" አለ። ማንም አላወጣም። በጸጥታው መሀል የአንዱ ሆድ አጉረመረመ። "አንተስ?" ሲለው "እሱ ነው የጮኸው፣ እኔ ምንም አልወጣኝም!" አለ ሰውዬው። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ረኃቡ አልለቀቀንም፤ ድንቾቹ ግን ከዚያ ወዲያ የኔ ብቻ መሆናቸው ቀረ።

ሰኔ ሊገባ ሲል ከክፍሉ አንድ ሰው ተጠራ። የተጠራው ካቦው ነበር፤ በዕድሜው አንድ ጎመን እንኳ ተክሎ የማያውቀው የባጃጅ ሹፌር! ልቤ ከሁለት ተከፈለ። እሱ በመፈታቱ ደስ አለኝ፣ ለድንቾቼ ደግሞ ፈራሁ። ሌላ አማራጭ ግን አልነበረም።

"ጎንቁሉን ወደ ላይ አድርገህ ትከል፤ አራርቃቸው" አልኩት እየተጣደፍኩ። "ጎናቸው የገበያ ድንች ትከል፣ ለማነጻጸር። መድኃኒት እንዳትረጭ። በሽታው ይምጣባቸው።"

"ይምጣባቸው? እንዲሞቱ ነው እንዴ ተርበን ያቆየናቸው?"

"ካልመጣባቸው ምን አወቅን?"

"ከሞቱስ?"

"ሞቱ ትለኛለህ።"

ኪሱን ሞልቶ ወጣ። በሩ ላይ ጠባቂው የማን ነው ብሎ ሲጠይቀው ያ ጡሩምባ ድምፁ እስከኛ ድረስ ተሰማ። "የኔ ናቸዋ! የማን ይሁኑ?"

ክረምቱን ያሳለፍነው ለበሽታ እየጸለይን ነው ብል ውሸት አይሆንም። ጠዋት ጉም ሲወርድ የፊዚክስ መምህሩ ቀና ብሎ "ዛሬ ደግሞ ግሩም የምች አየር ነው" ይላል፤ ክፍሉ በሙሉ ደስ ይለዋል። አዲስ የሚገቡ እስረኞች አብደናል ብለው ያስቡ ነበር።

ከመስቀል በፊት ለቀቁኝ። ለምን እንደያዙኝ አልነገሩኝም፤ ለምን እንደለቀቁኝም እንዲሁ። እህቴ "በስመ አብ፣ መጀመሪያ ገላህን ታጠብ!" እያለች ስትከተለኝ እኔ በቀጥታ ወደ ካቦው ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ እናቱ ናቸው።

"ያ ዋቃ! ልጄን ያሳበድክብኝ አንተ ነህ?" አሉኝ። "ጎረቤት ሁሉ መድኃኒት ሲረጭ እሱ የበሰበሰ ቅጠል ለምኖ እያመጣ ይደረድርባቸዋል። የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ ጠበል ውሰጂው አሉኝ!"

ጓሮው ውስጥ፣ ከባጃጁ ማቆሚያ ጀርባ፣ የገበያ ድንቾቹ ጠቁረው መሬት ላይ ተኝተዋል። የኛዎቹ ግን ጉልበት ድረስ ለምልመው ቆመዋል። ካቦው አጠገባቸው ቆሞ ነበር። አልተቀበለኝም፣ አላቀፈኝም። አንገቱን ደፍቶ "ሁለቱ ሞተዋል" አለኝ።

አሳየኝ። ከለምለሞቹ መካከል አንዱ ደርቋል፣ ሌላው ጠውልጎ ተንጠልጥሏል። ለሁለቱም መደገፊያ የሚሆን እንጨት ተክሎላቸዋል።

"እማዬ ንቀላቸው፣ ማን ያውቅብሃል አለችኝ" አለ። "ስትመጣ ደስ እንዲልህ ፈልጌ ነበር። እጄን ሰድጄ ሁሉ ነበር። ግን እንዴት ብዬ? አንተን ከምርመራ እንደዚያ ሆነህ ስትመለስ አይቼህ?"

ቀረብ ብዬ አየሁ። ቅጠላቸው አልጠቆረም። ምች አይደለም። እናቱን አንድ የሻይ ብርጭቆ ውሃ ለመንኳቸው፤ ከጠወለገው ግንድ ቆርጬ ውሃው ውስጥ አንጠለጠልኩት። ጥቂት ቆይቶ ከተቆረጠው ጫፍ እንደ ወተት ያለ ቀጭን ነጭ ክር ወደ ታች መውረድ ጀመረ። አጠውልግ ነው፤ በዘር ውስጥ ተደብቆ የሚሄድና የገባበትን አፈር ለዓመታት የሚበክል ሌላ በሽታ። ሳላውቅ ያንን ዘር ለሸነን ገበሬዎች ባከፋፍል ኖሮ የማደርሰው ጉዳት ምች ካደረሰው ይብስ ነበር።

ይህን ስነግረው ካቦው ብርጭቆውን አንስቶ ወደ ብርሃኑ ያዘው። "እንግዲህ ብነቅላቸው ኖሮ…" አለና ሳይጨርስ ተወው። ያኔ አቀፍኩት። በምርመራ ጊዜ ያልወጣኝ እንባ እዚያ ድንች መሀል ወጣኝ፤ እናቱ ሁለታችንም ጠበል እንደሚያስፈልገን እርግጠኛ ሆኑ።

ከጤነኞቹ ጫፍ ቆርጠን በላቦራቶሪ ንጹሕ ዘር እስክናወጣ ጊዜ ፈጀ። ዛሬ በሸነን ዙሪያና ወደ ወንጪ አቅጣጫ የሚያመርቱት ገበሬዎች አሉ። ካቦው አሁንም ባጃጁን ይነዳል። ክረምት በወጣ ቁጥር ይደውልልኛል፤ እንደምን አለህ የለ፣ አካም የለ፣ "ባርሲሳ፣ ስንት ሞተ?" ይለኛል። እኔም የሞተውን እነግረዋለሁ።

ዘንድሮ ሲደውል "አንድም አልሞተም!" አልኩት በደስታ።

"በደንብ አይተሃል?" አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቦት ጫማዬን አጥልቄ ተመልሼ ማሳው ውስጥ ገባሁ።