የቆረበው ነጠላ

እሑድ እዚህ አገር የሥራ ቀን መሆኑን መጀመሪያ ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ጠዋት በሐይፋው የኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ቁልቁለት አውቶቡሱ ሻንጣቸውን ያነገቱ ወታደሮችን ጭኖ ይወርዳል፤ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ድንች እልጣለሁ። ቅዳሴ በስልክ ማየት ገና አዲስ ነገር በነበረበት ሰሞን ነው። ስልኬን መስኮቱ ላይ አቁሜ የአገር ቤቱን ቅዳሴ እከፍትና ጫማዬን አውልቄ ቀዝቃዛው ወለል ላይ በባዶ እግሬ እቆማለሁ፤ ቢላዋው በእጄ እንዳለ።

«ለስልክም ጫማ ይወለቅ ጀመር?» ይሉኛል እማማ ከሳሎን።

«ቅዳሴ ነው እኮ፣ እማማ።»

«እኔ ምን አልኩ? ጉንፋን ይዞሽ ለእኔም እንዳታጋቢብኝ ብዬ ነው።»

እማማ የማስታምማቸው አሮጊት ናቸው። እሳቸውም እንደ እኔ ከጎንደር በኩል የመጡ ናቸው፣ እሳቸው ግን ቤተ እስራኤል፣ እኔ ክርስቲያን። በልጅነታቸው የእኔ ወገን የሆነ ሰው ከነካቸው ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ቤት አይገቡም ነበር። አሁን ገላቸውን የማጥባቸው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ጀርባቸውን ሳሽላቸው፣ «እናቴ ብታይ ሁለታችንንም ወንዝ ትከተን ነበር» ብለው ስቀው አሳቁኝ።

ጥንቃቄዬን ያውቁታል። በጾም የምሠራላቸውን ወጥ ጨው አልቀምስም። ረቡዕና ዓርብ አላፈርስም። ክርያት ሐይም ሰፈር ያሉት የአገሬ ልጆች የጾም መግቢያ ሲጠፋቸው፣ «እሷን ጠይቁ፣ እሷ አትስትም» ተባብለው ለእኔ ነው የሚደውሉት። ይህን ሁሉ የምጠነቅቅ ሴት ግን ከልጅነቴ ወዲህ ቆርቤ አላውቅም ነበር።

የልጅነቱ ትዝ ይለኛል። ቆርቤ ስወጣ እናቴ አፌን በነጠላዋ ሸፍና ታዝለኛለች፤ እግሬ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ካደግሁ በኋላ እንኳ። እንቅፋት መትቶኝ እንዳልደማ፣ ረስቼ ምራቄን እንዳልተፋ ነው። ጉንጬን ጀርባዋ ላይ ለጥፌ ትንፋሿን እሰማለሁ። እኔን ሳይሆን በውስጤ ያለውን የተሸከመች ይመስል ቀስ እያለች ነው የምትራመደው። ልጃገረድ ስሆን ቀረሁ። ማንም ቅሪ አላለኝም፤ እኩዮቼ ሲቀሩ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ «ስዘጋጅ» እላለሁ። ሰው አገር ስገባ ደግሞ ያ የእናቴ ጀርባ ይናፍቀኝ ጀመር፤ ከአገሬም፣ ከቤቴም በላይ።

አንድ ዓመት በፍልሰታ ቆረጥኩ። ኢየሩሳሌም ላሉት ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ፤ የሰጡኝን ቀኖና ፈጸምኩ። «በይ ልጄ፣ ለቅዳሜ ነይና ቁረቢ» አሉኝ። ዓርብ የእማማ ልጅ ልትተካኝ መጣች። «ቤሰደር፣ ቤሰደር፣ ችግር የለም፣ ሂጂ፣ እኔ አለሁ» ብላ ገና በሩ ላይ ቦርሳዬን አቀበለችኝ። እማማም ከአልጋቸው ሆነው፣ «ለጉልበቴም ጸልዪልኝ። የቀኙ መሆኑን ለይተሽ ተናገሪ!» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ሊገባ ሲል አንዲት ወጣት እያለከለከች አጠገቤ ቆመች። የሌሊት ሥራዋን ጨርሳ ከቴል አቪቭ በሰው መኪና ነው የመጣችው። እጇ በረኪና ይሸታል፤ ፀጉሯ ላይ ያለው የሥራ ሻሽ ነው።

«እትዬ፣ ትርፍ ነጠላ ይኖርዎታል? ስሮጥ ረስቼው መጣሁ።»

ከጎናችን ያሉ ሴትዮ፣ «ነጠላ የሚረሳ ምኑን ሊያስታውስ ነው?» አሉ፤ ለእኔም ለእሷም እንዲሰማ አድርገው። እኔም በልቤ እውነታቸውን ነው ብዬ ነበር። አንዱ ቢያድፍብኝ ብዬ ሁል ጊዜ ሁለት ነጠላ ነው የምይዘው። ያልለበስኩትን አውጥቼ ሰጠኋት። ማጣፋቱንም አላወቀችበትም፤ አስተካከልኩላት።

ቅዳሴው እየገፋ ሄደ። ያን ጊዜ ነው አንድ ሐሳብ የመጣብኝ፤ ጠዋት አፌን ስጉመጠመጥ ጠብታ ውሃ ወደ ጉሮሮዬ ወርዶ ቢሆንስ? የወረደ አልመሰለኝም። አልወረደም ብዬ ግን መማል አልችልም። ቃጭሉ ተሰማ፤ ጃንጥላው ወጣ፤ ሕፃናቱ በእናቶቻቸው ክንድ ቀደሙ። ሽማግሌዎቹ ተከተሉ። ያቺ ወጣት ዓይኗን ጨፍና አንድ ነገር አለችና ሄደች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ከሰው መካከል ነጠላዬን ፈለግኩት። ስትመለስ አፏን በእሱ ሸፍና፣ መሬት መሬቱን እያየች፣ ቀስ ብላ ነበር የምትራመደው። አረማመዷን አወቅሁት። የእናቴ ነው።

ነጠላዬ ቆረበ፣ እኔ አልቆረብኩም።

ሕዝቡ ሲወጣ አጣጥፋ መለሰችልኝ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እትዬ። እርስዎስ?»

«እኔ ገና ነኝ» አልኳት።

በማግስቱ ሐይፋ እማማን ሳጥብ፣ «ታዲያ ቁርባኑ ደረሰሽ?» አሉኝ።

«አልቆረብኩም።» የውሃውን ነገር ነገርኳቸው።

«መውረዱን አውቀሻል?»

«አላወቅሁም።»

«ቄስሽን ጠየቅሽ?»

«አልጠየቅሁም።»

ውሃ ስደፋባቸው ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«በሱዳን በኩል ከእኛ ጋራ የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ኢየሩሳሌም፣ ኢየሩሳሌም ሲሉ ነው ያረጁት። ሚስታቸውን በረሃ ላይ ቀብረው ነው የገቡት። እዚሁ አጠገባችን ክርያት አታ ቤት ተሰጣቸው። ልጆቹ በመኪና እንውሰድዎ ሲሏቸው፣ ገና ነኝ፣ ልንጻ፣ ይላሉ። ደግሞ ልጹም፣ ይላሉ። ደግሞ ልብሴ ይታጠብ፣ ይላሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሞቱ። ሳያዩዋት! አውቶቡሱ እኮ ደጃቸው ነው የሚቆም። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ፣ ወይ እግዜርን መፍራት እቴ፣ ይላል። እኔ ነኝ የተናደድኩ። ኢየሩሳሌም አማታቸው ናት እንዴ እንዲያ የሚሸሿት?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«መናፈቅ ይጣፍጣል፣ ልጄ። እኔም አውቀዋለሁ። እየናፈቅሽ ስትኖሪ ማንም ምን ጎደለሽ አይልሽም። መድረሱ ነው የሚያስፈራው።»

አድርቄ፣ አልብሼ ወንበራቸው ላይ አስቀመጥኳቸውና ወጥ ቤት ገብቼ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ቆሜ እንደቀረሁ አይተውኛል። ስለ ውሃው ስነግራቸው ሰሙኝ።

«እዚያው ነበርኩ፣ ልጄ። መጥተሽ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት? እከለክልሻለሁ ብለሽ ነው?»

አዎን ብል ያምኑኝ ነበር። አዎን ለማለትም አፌን ከፍቼ ነበር።

«አይደለም፣ አባ። ይፈቅዱልኛል ብዬ ፈርቼ ነው።»

«እንግዲያው ፈቅጃለሁ። ጾሙ ሳይፈታ፣ ለቅዳሜ ነይ» አሉኝ። ስለ ውሃው ሌላ ቃል አልጨመሩም።

«ምን አሉሽ?» አሉ እማማ ከሳሎን።

«ቅዳሜ ነይ አሉኝ።»

«ልጄን እኔ እጠራታለሁ። እምቢ ትበልና ታየኛለች።»

ያን ሳምንት እንደ ወትሮዬ ድንች ላጥሁ፣ ልብስ አሰጣሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ሰጠሁ። የእናቴ ጀርባ ናፍቆት አልቀለለኝም፤ እንዲያውም እንቅልፍ ነሳኝ። ድሮ ግን ያለ ቀጠሮ ነበር የምናፍቀው። አሁን ቀን ተቆርጦለታል።