ባለችበት የደረቀች ጠብታ

ንገሪን ያሉኝ ልጆቹ ናቸው። የልጅ ልጄ ፉአድና ጓደኞቹ ግቢያችን ውስጥ አንድ ያረጀ ቬስፓ እየፈቱ ይገጣጥማሉ። ሲሊንደሩን በትልቅ ለውጠው ጉልበቱን ጨምረውለታል። ሰሞኑን ደግሞ ሞተሩን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ሥር ቀጭን ሽቦ አስገብተው፣ መሪው ላይ የእጅ ሰዓት የምታክል ነገር ገጠሙ፤ ሞተሩ ምን ያህል እንደጋለ በቁጥር ትናገራለች። «እማማ፣ ይቺ ሳትኖር ድሮ በምን ነበር የምታውቁት? እስቲ ንገሪን፣ አንቺ ታውቂያለሽ ይባላል» አሉኝ። በውሃ ጠብታ ነበር አልኳቸው። እንዴት እንደሆነም አሳየኋቸው። ተሳሳቁና ቬስፓውን እየገፉ ወጡ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ከዚያች ጠብታ ጋር የተያያዘ፣ እስከ ዛሬ ለፍጡር ያልተነፈስኩት ነገር አለኝ። ለባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ አንድ ጣሪያ ሥር አብረን አርጅተን አልነገርኩትም። ለልጆቼ አልነገርኩም። ልነግረው ይገባኝ ለነበረው ሰው አልነገርኩም።

ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደልን የለቀምኩት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው። ጽሑፌም እንደ እግሬ ነው፤ ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ፣ ሰው ሳይ ወሬ ስሰማ አማኑኤል ድረስ ሄጄ፣ ሽንኩርቱን ረስቼ የምመለስ ሴት ነኝ። ወዲያ ወዲህ ብል ታገሱኝ፤ መድረሴ አይቀርም።

የበደልኩት ወንድሜን ነው። ታናሼን፣ ነስሩን።

እናታችን ልትሞት ስትል የሱን እጅ እጄ ውስጥ ጨምራ «አደራ» ነበር ያለችኝ። አባታችን ቀድሟት ሄዷል። እኔ ልጃገረድ ነበርኩ፤ እሱ ገና የወተት ጥርሱን የሚነቅል ልጅ። ቆሎ እየቆላሁ አሳደግኩት። ከአማኑኤል ዝቅ ብሎ የጋሼ ተካ ጋራዥ ነበር፤ ቬስፓ ብቻ የሚሠራበት። ከአጥሩ ሥር ከሰሌን አያይዤ፣ ብረት ምጣዴን ጥጄ ገብስ እቆላለሁ። ነስሩም እዚያው አጥር ሥር አድጎ እዚያው ጋራዥ ሥራ ገባ። ንፋስ በበርበሬ በረንዳ በኩል ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ያስነጥሳል፤ መካኒኩም ያስነጥሳል፣ ቬስፓ ሊያሠራ የመጣውም ያስነጥሳል። እዚያ ላይ የቬስፓው ጭስ አለ፤ ቤንዚኑ ዘይት ተቀላቅሎበት ስለሚነድ ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚወጣው። ያኔ አማርረው ነበር። ዛሬ ያን ሽታ የሚሸጥ ሱቅ ቢኖር፣ የዱባይ ተራን ግፊያ ችዬም ቢሆን ሄጄ እገዛው ነበር።

ነስሩ ጆሮ ነበረው። ቬስፓ ገና መታጠፊያው ላይ ሳለ «የዚህኛው ፒስተን ተበልቷል» ይላል፤ ሲፈቱት እንዳለው ነው። ጋሼ ተካ ምላሳቸው እንደ ሚጥሚጣ የሚለበልብ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው እንኳ «አንተ ልጅ፣ እናትህ ጋራዥ ውስጥ ነው እንዴ ያማጠችህ?» ይሉት ነበር። ከሳቸው አፍ ይሄ ምርቃት ነው።

ጠብታዋ እንዲህ ነው የመጣችው። ቆሎ የሚቆላ ሰው የብረቱን ግለት በውሃ ያውቃል። ጣት ነክሮ አንድ ጠብታ ጣል ማድረግ ነው። ጠብታዋ ባለችበት ጭስስ ብላ ከደረቀች፣ ብረቱ ልኩ ነው፤ ገብስህን ጨምር። ሳትደርቅ እንደ ዶቃ ድብልብል ብላ ከሮጠች ግን ብረቱ ከልክ በላይ ነዷል፤ ገብሱ ላዩ ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ለማያውቅ ሰው ግራ ነው፤ ብረቱ በጣም ሲግል ነው ውሃው አልደርቅ የሚለው። አንድ ቀን ነስሩ ከሩቅ መንገድ የመጣ ቬስፓ አጥሩ ሥር ሲያቆም፣ እኔ እንደ ጨዋታ ጣቴን ነክሬ ካንዴላው ሥር ጣል አደረግኩ። ጠብታዋ ሮጠች። «ኧረ ይሄስ ነዷል!» አልኩ። ሲፈቱት ፒስተኑ መፋቅ ጀምሯል። ትንሽ ቢቆይ ሞተሩ ይነክስ ነበር፤ ሞተር ነከሰ የሚሉት ፒስተኑ ከግለት የተነሳ ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቆ ሲቀር ነው፤ ያኔ ጎማው በሩጫ ላይ ቀጥ ይላል፣ ሰውየውም ይፈናጠራል።

ከዚያ ቀን ወዲህ የጋራዡ መለኪያ እኔ ሆንኩ። «እትዬ፣ ጠብታ!» ብሎ ነስሩ ሲጣራ ገብሴን ጥዬ እሮጣለሁ። ስንቱ ቆሎ አረረብኝ! ግን ምን ነበር ደስታዬ። ማንበብ የማልችል ሴት፣ እነዚያ ወንዶች ሁሉ ቆመው ጣቴን ሲጠብቁ። አጎንብሼ አያለሁ፤ ቀና ብዬ «ልኩ ነው» ወይም «ነዷል» እላለሁ፤ ያልኩት ይሆናል።

ነስሩም የራሱን ቬስፓ መሥራት ጀመረ። ምናለሽ ተራ እየዞረ ከለቃቀመው ዕቃ ነው የሠራው። ሲሊንደሩን አሰፋ፣ የውስጡን ቀዳዳዎች በሞረድ ሞርዶ አስተካከለ፣ የጭስ ማውጫውን፣ ማርሚታውን፣ ቆርጦ ራሱ ባሰበው ልክ በየደው። ድምፁ ሌላ ሆነ። ጋሼ ተካ ዙሪያውን ዞረው አዩትና እንዲህ አሉት።

«በዚህ ሁለት ሰው ጭነህ የእንጦጦን ዳገት ሳትቆም ከወጣህ፣ ድሬዳዋ ወንድሜ ጋር እልክሃለሁ። ጋራዡን የሚመራለት ሰው ይፈልጋል። ሁለተኛው ሰው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ቂጤን ታውቀዋለህ።»

ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ነስሩም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ የሳቅኩት ግን በጥርሴ ነው።

በማግስቱ ነስሩ ዳገት ወጥቶበት ተመለሰ። «እትዬ፣ ጠብታ!» ሮጥኩ። ጣል አደረግኩ። ጠብታዋ ባለችበት ጭስስ ብላ ደረቀች። ልክ እንደ ጥሩ ምጣድ። እንዲያ ያለ ልክ አይቼ አላውቅም። ቀና ብዬ «ልኩ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ።

«ነዷል» አልኩት።

«እርግጠኛ ነሽ እትዬ? ካንዴላው እኮ ቡናማ ነው። ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው።»

«ወላሂ ነዷል።»

ጋሼ ተካ ከወዲያ ሆነው፣ «ካንዴላ ይዋሻል፣ እህትህ ሸምሲያ አትዋሽም!» አሉት።

ወላሂ አልኩ። በአላህ ስም፣ ወንድሜን ዓይን ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁ። አንዴ ቢሆን የምላስ መንሸራተት ነው እል ነበር። አንዴ አይደለም። እሱ ሞተሩ እንዲቀዘቅዝ ብሎ የካርቡራተሩን ቀዳዳ አሰፋ፤ ብዙ ቤንዚን ሲጠጣ ይበርዳል። ወጥቶ መጣ። ጠብታዋ ደረቀች። ነዷል አልኩ። ዘይት ጨመረበት። ደረቀች። ነዷል አልኩ። ድምፁ ያ የሚያምረው እየታፈነ፣ ጭሱ እየጠቆረ፣ ካንዴላው እየረጠበ ሄደ፤ እኔ ነዷል አልኩ።

ከሁሉ የሚከፋውን ልናገር። አንድ ቀን እሱ ራሱ አጠገቤ ተንበረከከ። ጠብታዋ ስትደርቅ በዓይኑ አየ።

«እትዬ፣ ደረቀች እኮ። ስትደርቅ ደህና ነው ትዪ አልነበር?»

«እሱ ለምጣድ ነው» አልኩት። «እንዲህ ለተነካካ ሞተር ስትደርቅ ነው የሚያሰጋው። ዶቃ ሆና ብትሮጥ ነበር ደግ።»

ጠብታዋ የነበረችበትን አየ። እኔን አየ። ከዚያ አንገቱን ነቀነቀና መፍቻውን አነሳ። ዓይኑን ትቶ እኔን አመነ።

ለምን አደረግኩት? ለራሴ ብዙ ጊዜ መልስ ሰጥቻለሁ። አደራ ነበረብኝ፣ በዚያ ፍጥነት መንገድ ላይ ይቀርብኛል ብዬ ፈርቼ ነው እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ አንድ ቀን ጉልበቱ ተቀዶ መጥቶ ደሙን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ግን ለሕይወቱ የሚሳሳ ሰው «ሞተሩ ነዷል፣ ተወው» ይለዋል እንጂ፣ ዓይኑን ያሳውረዋል? እኔ የፈራሁት ሞቱን ነው ወይስ ድሬዳዋን? እሱ ሲሄድ ማን «እትዬ፣ ጠብታ!» ይለኛል? እኔ አጥር ሥር ተቀምጣ ቆሎ የምትቆላ ሴት ብቻ ልሆን አይደለም? ይኸውላችሁ፤ ፍቅር ነው ያልኩት ነገር ሲገለጥ ውስጡ እኔ ነኝ የተቀመጥኩት።

የፈተናው ቀን ጋሼ ተካ ኮታቸውን ቆልፈው ከኋላው ተፈናጠጡ። ሰፈሩ ወጥቶ ሸኛቸው። እኔ ዱዓ አደረግኩ። ምን ብዬ? እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እንዲወጣ ይሁን እንዳይወጣ። ሲመለሱ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልቁለቱን በነፃ እየተንሸራተቱ፣ ከዚያ እየገፉ ነበር። ዳገቱን ሳያጋምስ በገዛ ቤንዚኑ ታንቆ ቆመ።

«ነስሩ፣ ቬስፓ ሥራ አልኩህ እንጂ ፍሊት መንፊያ ሥራ አልኩህ?» አሉ ጋሼ ተካ እየሳሉ። «የእንጦጦን ዝንብ ሁሉ ፈጅተን መጣን!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ክፉ አይደሉም፤ በማግስቱ «እንደገና ሞክር» ብለውታል። ነስሩ ግን እጁን በቡቱቶ እየጠረገ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለ። ያን ቃል ያን ቀን ነው ከአፉ የሰማሁት። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ አልተለየውም።

ጋራዡን ለቀቀ። ዱባይ ተራ አንድ ዘመዳችን ጫማ ቤት ገባ፤ ዕድሜውን ሙሉ ጫማ ሸጠ። አግብቶ ወለደ፤ ደግ ነጋዴ ነበር። በዒድ ቀን ቤቴ ተቀምጠን ሳለ ቬስፓ በውጭ ሲያልፍ አንገቱ ቀና ይላል፤ ጉርሻው አፉ ጋ ሳይደርስ ይቆማል፤ «ይሄ...» ይልና ይተወዋል። «ምኑ ነው የተበላሸው ነስሩዬ?» እለዋለሁ። «እኔ ምን አውቃለሁ።» እኔ ነኝ ያን ቃል አፉ ውስጥ ያስገባሁት። ወንድሜ የመካኒክ ልክ ነበረው፤ እኔ ሰረቅኩት። ሌባ የሰረቀውን ይሸጠዋል ወይም ይበላዋል። እኔ ምን አደረግኩበት? ምንም።

ሲታመም አስታመምኩት። አንድ ከሰዓት፣ ፀሐይዋ አልጋው ላይ ወድቃ፣ «እትዬ፣ ያ ቬስፓ ትዝ ይልሻል?» አለኝ። «አንቺ ባትኖሪ እኮ መንገድ ላይ ነክሶ ይገድለኝ ነበር። አላህ ይስጥሽ።»

አመሰገነኝ። እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። በኛ ሃይማኖት የሰው ሐቅ ከባድ ነው፤ አላህ የራሱን ይምራል፣ የሰውን ግን የተበደለው ሰው ካልማረ አይነሳም። «ነስሩዬ፣ አፉ በለኝ» ማለት ብቻ ነበር። ምላሴ ላይ ነበረች። እኔ ግን ትራሱን አስተካከልኩለትና ውሃ ላምጣልህ አልኩት። ውሃ! ውሃ ነበር ያልኩት።

አፉ ሳይለኝ ተቀበረ። እናንተን የምታነቡትን አፉ በሉኝ አልልም፤ የእናንተ አይደለም። አደራ ነበረብኝ፣ ልጅ ነበርኩ፣ አልተማርኩም አልልም። አውቄ ነው ያደረግኩት። ጠብታዋን አይቼ ነው።

ዛሬ ከሰዓት ልጆቹ ቬስፓቸውን እየገፉ ተመለሱ።

«እማማ፣ ረሳሽው እኮ!» አለ ፉአድ እየሳቀ። አማኑኤል ያለ አንድ ጋራዥ ሄደው፣ እዚያ ላለው ሽበታም መካኒክ ጠብታዬን አሳይተውት ኖሯል። ሰውየው ሳቀባቸው አሉ። «አያታችሁ ገልብጠው ነው የነገሯችሁ፤ እርጅና ነው። ስትደርቅ ነው አደጋው። ዶቃ ሆና ከሮጠች ሳትፈራ ንዳ። በዚህ ሰፈር ያደገ መካኒክ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ስሙም የእትዬ ሸምሲያ ጠብታ ነው» አላቸው። የነሱ መለኪያ ሌላ ስትል ጊዜ መለኪያዋ ተበላሽታለች አለ። ፉአድ፣ በዚህ ስንነዳ ሞተር አይነክስም ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ «ብዙ ነክሶብናል፤ የወደቀም ሰው አለ። ዳገቱ ነው እንል ነበር» ብሎታል።

ማን አስተማራችሁ አሉት።

«ጋሼ ነስሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ሱቃቸውን ዘግተው ሲመለሱ በር ላይ ቆመው ያዩን ነበር። አንድም ቀን መፍቻ ነክተው አያውቁም። ስንጠይቃቸው ‹እኔ ምን አውቃለሁ› ነው መልሳቸው። ይቺን አንዷን ብቻ ነው ያስተማሩን። ‹ይቺ የእህቴ ናት፤ እሷ አትሳሳትም› ይሉ ነበር።»