ማሩ ውሃ አለበት ያልኩበት ቀን

ጋምቤላ ከተማ፣ ማር በሚረከብ አንድ ማኅበር ውስጥ የጥራት መርማሪ ሆኜ ስሠራ አዲስ መሣሪያ መጣልን። ማሩ ከሚሞላበት የብረት ዕቃ ግራና ቀኝ ሁለት ሴንሰሮች አሉት፤ አንዱ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። ድምፁ ማሩን ለማቋረጥ ከፈጀበት ጊዜ ተነስቶ እፍጋቱን ያሰላል። ማሩ ውሃ ከገባበት ቁጥሩ ይወርዳል። አጠቃቀሙን በሦስት ቀን ተማርኩ፤ መሣሪያውንም አመንኩት።

አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከመቲ በአይሱዙ ሁለት ጀሪካን ማር ይዘው መጡ። ለካሁ፤ ቁጥሩ ወረደ። ደገምኩ፤ ያው ነው።

«አባባ፣ ማሩ ውሃ አለበት» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ ውሃ የጨመርኩበት?» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ጀሪካኖቹን ግን አላነሱም፤ በሩ ላይ ተቀመጡ።

አብራኝ የምትሠራው ሴት የከተማው ተወላጅ ናት፤ አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ነው። ከማሩ በብርጭቆ ቀድታ ወደ ብርሃን አነሳችው።

«አንተ ማሽን ብቻ ታያለህ» አለችኝ። «ይሄ አረፋ ነው። መኪና ንጦታል።»

እውነትም ብርጭቆው ውስጥ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ አረፋዎች ነበሩ። ድምፅ በእነሱ መሃል ሲያልፍ እንደሚዘገይ ሥልጠናው ላይ ሰምቼ ረስቼው ነበር። ሽማግሌው ዘመድ ቤት አድረው እንዲመለሱ ለመንኳቸው። በማግስቱ ማሩ ጠርቶ ነበር፤ ቁጥሩም ከፍ አለ፣ ግን አሁንም አልበቃም።

«ሙቀቱስ?» አለች።

የመሣሪያው ሙቀት መለኪያ የተለጠፈው ከዕቃው ውጪ፣ የክፍሉ ፋን በሚነፍስበት በኩል ነው። ቴርሞሜትር ማሩ ውስጥ ብንከት፣ ማሩ መሣሪያው ከሚለው በጣም ይሞቃል። በሞቀ ማር ውስጥም ድምፅ ይዘገያል፤ መሣሪያው ግን ማሩ ቀዝቃዛ ስለሚመስለው መዘግየቱን በውሃ ያሳብባል። ፋኑን አጥፍተን፣ መለኪያውን በጨርቅ ሸፍነን ቆየንና ለካን። ማሩ ንጹሕ ነበር።

«ይቅርታ አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሽማግሌው ጀሪካኖቹን ከደኑ። «ባለፈው ሳምንት ማሯን የመለስክባት ሴትዮ ጎረቤቴ ናት። ሰፈሩ ሁሉ ማር በውሃ ታበዛለች እያለ ያማታል። ምን ልበላት?»

ቅዳሜ መቲ ሄድኩ። ሴትየዋን ጓሯቸው ውስጥ አገኘኋቸውና የሆነውን ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «እኔማ አውቀዋለሁ። ለእነሱ ንገር» አሉኝ። ጎረቤቶቻቸውን አስጠርተው ደጃፋቸው ላይ አቆሙኝ፤ ስለ አረፋውና ስለ ሙቀቱ እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳሁ።