የመኪና በር ነው በሉ

ጅዳ የምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤቱ እየታደሰ ነው። ጠዋት ጠዋት የመጋዝ ማሽኑ ይነሳል፤ መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ከዚያ እንጨቱን ሲያገኝ ድምፁ እየቀጠነ ይጮኻል፣ እኔም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የያዝኩትን ነገር አስቀምጬ እቆማለሁ። ጎረቤቶቼ በጩኸቱ ይማረራሉ። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ማሽኑ ድንገት ጸጥ ሲል ነው።

ያደግነው መካ፣ ዛሂር የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ያረጀ የኪራይ ቤት ነበር፤ ከላይ እንኖራለን፣ ከታች አባታችን ይሠራል። አባ ከወሎ የመጣ፣ እጁ የተባረከ አናጢ ነበር፤ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው ላይ ግን «ሹፌር» ተብሎ ስለተጻፈ፣ ሚስማር በመታ ቁጥር ሕግ ይጥስ ነበር። ስለዚህ የምድር ቤቱን መስኮቶች በኮምፔንሳቶ ደፍኖ፣ የውጭውን በር ከውስጥ ቀርቅሮ ነበር የሚሠራው። ሙቀቱ በሚበረታባቸው ወራት ያ ክፍል አያስተነፍስም ነበር፤ አባ ግን ካናቴራው ከጀርባው ጋር ተጣብቆ፣ ሰጋቱራው ቅንድቡ ላይ ተከምሮ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቁም ሳጥንና አልጋ ይሠራ ነበር።

ለእኔና ለታናሽ እህቴ ለሐያት የነበረው ስስት ልክ አልነበረውም። ከላይ የሚያወርደው ደረጃ የሚያልቅበት ቦታ ላይ፣ ወለሉን አቋርጦ በቀይ ቀለም መስመር አስምሮልን ነበር። መጋዙ እየጮኸ ከዚያ መስመር አንዲት ጣት ማሳለፍ ክልክል ነበር። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁለታችንን አስቁሞ፣ ሹሩባችን መታሰሩን፣ አምባራችን መውለቁን፣ እጅጌያችን መጠቅለሉን እያየ፣ «ሲጮህ ምንድን ነው?» ይለናል። እኛም በአንድ ድምፅ፣ «አውሬ!» እንላለን። «ዝም ሲልስ?» «ጠረጴዛ!» ከዚያ ይስቅና ግንባራችንን ይስመን ነበር። ዝም ሲል በእርግጥም የእኛ ጊዜ ነበር፤ መስመሩን ዘለን ገብተን፣ ከማሽኑ ሥርና ላይ ቁርጥራጭ እንጨት እየተሻማን እንለቅምና ለአሻንጉሊቶቻችን ቤት እንሠራ ነበር። ሐያት ከእኔ ፈጣን ስለነበረች ጥሩ ጥሩውን የምትወስደው እሷ ነበረች።

በር ሲንኳኳ ደግሞ ሌላ ሥርዓት ነበረን። ተቆጣጣሪ ሊሆን ስለሚችል፣ እማ ከላይ ሮጣ ዋናውን ቆጣሪ ታጠፋዋለች፤ መጋዙም፣ ማራገቢያውም፣ ማቀዝቀዣውም እኩል ዝም ይላሉ። አባ ሰጋቱራውን ከላዩ አራግፎ፣ ነጭ ቶቡን፣ ረጅሙን የዓረብ ቀሚስ፣ ከላይ አጥልቆ፣ የመኪና ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ወደ በሩ ይሄዳል። ሰውየው ከሄደ በኋላ «ኸላስ፣ አልቋል፣ አብሪው!» ብሎ ወደ ላይ ይጣራል፣ እማም መልሳ ታበራለች። የማሽኑን የራሱን ማጥፊያ የሚነካ ሰው አልነበረም፤ ለዚያ ጊዜ የለም። መብራቱ ሲመጣ መጋዙ ራሱ ተነስቶ ካቆመበት ይቀጥላል። አባም «እኔን እንኳን አይጠብቅም፣ ሥራ ወዳድ ነው» እያለ ይቀልድበት ነበር።

የሐጅ ወቅት ሲቃረብ ሥራው ይበዛል። ኩዳይ አካባቢ ቤት የሚያከራዩ ሰዎች ለሐጃጆች የሚሆን አልጋ በጥድፊያ ያዝዛሉ፤ ቁጥጥሩም በዚያው ልክ ይጠብቃል። ሐያት ስምንት ዓመት በሞላት ዓመት፣ በዚያው ወቅት፣ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። እኔ ላይ ቤት ልብስ አጣጥፍ ነበር። እማ ቆጣሪውን አጠፋችው፣ ቤቱ ጸጥ አለ፣ ሐያት ብድግ ብላ ከክፍሉ ወጣች። ወዴት ብለን አልጠየቅናትም፤ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ልጅ ወዴት ይሄዳል? በር ላይ የነበረው ውሃ የሚያመላልሰው ሹፌር ነበር፤ መኪናህን ፈቀቅ አድርግልኝ ሊል ነው የመጣው። አባ መኪናውን ፈቀቅ አድርጎ ተመለሰና፣ ገና ደጅ ሳለ «ኸላስ፣ አብሪው!» አለ። እማ አበራችው።

የሐያትን ጩኸት አልጽፈውም። ለካ ቁርጥራጭ ልትለቅም ወርዳ ኖሯል፤ ከቀኝ እጇ ሁለት ጣቶቿ ተቆርጠው ሰጋቱራው ውስጥ ቀሩ።

መኪናው ውስጥ እማ የሐያትን እጅ በፎጣ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አስደግፋታለች፣ እኔ ከጎናቸው ተቀምጫለሁ፣ አባ እየነዳ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ «የመኪና በር ነው በሉ» አለን። ቀጥሎም ለሐያት፦ «ሐያቴ፣ የኔ እናት፣ ምን ነካሽ ሲሉሽ የመኪና በር በይ፣ እሺ? መጋዝ ካልሽ አባን ይወስዱታል።» ሐያት እያለቀሰች እሺ አለች።

የተቀበለን አንድ ሱዳናዊ ሐኪም ነበር። ፎጣውን ፈትቶ አየ፣ ከቁስሉ ላይ ሰጋቱራ በጉጠት ለቀመ፣ ቀና ብሎ አባን አየው። ከዚያ ሐያትን በዓረብኛ፣ «ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?» አላት። «የመኪና በር» አለች። ሐኪሙ፣ «ጣቶቿስ የት አሉ? ቶሎ ከመጡ መልሶ ለመስፋት መሞከር ይቻላል» አለ፤ ከዚያ ረጋ ብሎ አባን፣ «የመኪና በር ከሆነ መኪናው ውስጥ ናቸው፤ ሂድና አምጣቸው» አለው።

እማ በአማርኛ፣ «በአላህ ይዤሃለሁ፣ ቤት ሂድና አምጣ!» አለችው።

«ዝም በይ! ሹመይሲ እስር ቤት ልታስገቢን ነው?»

«ያስገቡን! ልጄን ጣት አልባ ታደርጋታለህ?»

አባ ወደ ውጭ ወጣ። ቤታችን ሩቅ አልነበረም፤ ወደዚያ የሚሄድ መስሎኝ በመስኮቱ ተመለከትኩ። የመኪናውን የኋላ በር ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ የወንበሩን ሥር ዳበሰ፣ ምንጣፉን አነሳ፣ በሌላው በኩል ዞሮ ደግሞ ፈለገ። አጠገቡ ሰው አልነበረም። ማን እንዲያይለት እንደዚያ ይፈልግ እንደነበር እስከ ዛሬ አይገባኝም። ከዚያ በሩን ዘግቶ፣ ባዶ እጁን ተመልሶ መጣና፣ «አጣኋቸው» አለ። ሐኪሙ ፊቱን አዙሮ መስፋት ጀመረ።

ሐጃጆቹ ወደየአገራቸው ሲመለሱ፣ አባ ለመጋዙ የብረት መሸፈኛ ሠራለት፣ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዳይነሳ የሚያደርግ ማጥፊያ አስገጠመለት፣ የምድር ቤቱን ቁልፍ አንገቱ ላይ ማንጠልጠል ጀመረ። ያን ሁሉ ጥንቃቄ ሳይ እናደድ ነበር፤ አሁንም ስጽፈው እናደዳለሁ። ሥራውን ግን አልተወም፣ ምን ያብላን? በቀዝቃዛዎቹ ወራት ሐያት በተረፉት ጣቶቿ እርሳስ መያዝ ለመደች፤ በግራ መብላት ነውር ስለሆነ፣ መጉረሱ እስኪቀላት ድረስ አባ በእጁ ያጎርሳት ነበር። ሲያጎርሳት ዓይኗን አያያትም ነበር። ደሴ ያሉ ዘመዶች ሲደውሉ «የመኪና በር» ተባሉ፣ ጎረቤትም «የመኪና በር» ተባለ፣ እየቆየ ቤት ውስጥ እርስ በርሳችን እንኳን ሌላ ስም አልሰጠነውም። እማ ብቻ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ሳትናገር ቀረች።

እኔ አግብቼ ጅዳ ከገባሁ፣ ሐያትም የመካ ተወላጅ የሆነ የሐበሻ ልጅ ካገባች በኋላ፣ አባ ኢቃማውን ካወጣለት ዓረብ አሠሪ፣ ከከፊሉ ጋር ተጣላ፤ ከፊሉም «ከሥራ ጠፍቷል» ብሎ አመለከተበት። የያዙት ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ መንገድ ላይ ነው። ሹመይሲ ሰንብቶ ከእማ ጋር ወደ አገር ቤት ተላከ። ስለ መጋዝ የጠየቀው ማንም አልነበረም። የእህቴ ጣቶች የተከፈሉለት ኢቃማ በከፊሉ አንድ ቃል ተሰረዘ።

ባለፈው ዒድ መካ እነሐያት ዘንድ ሄጄ ነበር። ዛሬ እሷ ራሷ ትነዳለች። ልጆቿ ከኋላ ገብተው እንደተቀመጡ፣ ሦስቱም እኩል እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ጠበቁ። እናታቸው ዞራ በሮቹን አንድ በአንድ ዘግታ እስክትጨርስ አላወረዱም። ትንሿ ወደ እኔ ዞራ በዓረብኛ፣ «ኻላ፣ አክስቴ፣ አንቺም አንሺ፣ በሩ ጣት ይበላል» አለችኝ። አነሳሁ።

መንገድ ላይ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በአማርኛ፣ «እውነቱን አትነግሪያቸውም?» አልኳት። አባን አሁን የሚወስደው የለም፤ ኮምቦልቻ እኔና ሐያት በሠራንለት ቤት ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል።

«ምን ብዬ?» አለች መንገዱን እያየች። «አያታችሁ ጣቶቼን መኪና ውስጥ ሲፈልግ ነበር ልበላቸው?»

አይታው እንደነበር አላውቅም ነበር። እኔ በመስኮቱ ሳይ፣ እሷ አልጋው ላይ ተኝታ ዓይኗን የጨፈነች ይመስለኝ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት አውቃ ከእጁ ስትጎርስ፣ ስትደውልለት፣ የበዓል ልብስ ስትልክለት ኖራለች።

እኔና እሷ ልጅ ሳለን የምንፈራው ነገር ምን እንደሆነ እናውቅ ነበር፤ ድምፅም፣ ስምም፣ ቀይ መስመርም ነበረው። የሐያት ልጆች ማንንም ነክቶ የማያውቅ የመኪና በር እየፈሩ ያድጋሉ።